ቁጥሩን ያረጋው ፊርማ

ዘይኑዲን ዲላ ገበያ ዳር ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ያየው ነገር ቋቅ አሰኝቶታል፤ ዛሬም ወሬው ሲነሳ ጢቅ ይላል።

ለቡና መረከቢያው የቡና እርጥበት የሚለካ አዲስ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መጣ። ፍሬው ጣሳው ውስጥ ይጨመራል፤ ቀይ ቁጥር መስኮቷ ላይ ይወጣል፤ ከአሥራ ሁለት ካለፈ ቡናው እርጥብ ነው ተብሎ ይመለሳል። ቁጥሩ ግን አልረጋ አለ። ያንኑ አንድ ጭብጥ ቡና አንዴ አሥራ አንድ፣ አንዴ አሥራ አምስት ይለዋል። ዘይኑዲንን ጠሩት።

ግማሽ ቀን ቆሞ አየ። አጠገቡ ያለው የቡና መፈልፈያ ሞተር ሲቆም ቁጥሩ ይረጋል፣ ሲነሳ ይዘላል። «ወላሂ፣ ይሄማ ወፍጮ ሲነሳ ራዲዮ የሚንጫጫው ነው!» አለ። ሞተሩና መሣሪያው አንድ የመሬት ሽቦ ይጋሩ ነበር፤ የሞተሩ ረብሻ በዚያው ይገባል። ለመሣሪያው የብቻው የመሬት ሽቦ ቀበረለት፤ የመለኪያውን ገመዶች እርስ በርስ ጠምዝዞ ከሞተሩ አራቃቸው፤ ከሞተ ራዲዮ የነቀለውን ረብሻ የሚያጣራ ካፓሲተር በየደበት። ሞተሩ እያጓራ ቁጥሩ ቀጥ አለ። ደስታውን አትጠይቁኝ!

የመረከቢያው ኃላፊ ጓንጉል፣ «ጓድ፣ እንከን የለውም ብለህ ፈርምልኝ» አለው። ፈረመ። ጓንጉል ወረቀቱን ከመሣሪያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

በሳምንቱ ዘይኑዲን በዚያ ሲያልፍ አልጣሽ የምትባል የዱመርሶ መንደር ገበሬ ጆንያዋን ታቅፋ ታለቅሳለች። ቡናዋ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ዛሬም ከተመለሰ «ሆን ብላ ቡና የምታረጥብ አሻጥረኛ» ተብላ ለቀበሌ ትተላለፋለች፤ ያ ማለት እስር ነው። ቁጥሩ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ዘይኑዲን ከመሣሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። የቀበረው ሽቦ በፒንሳ ተቆርጧል።

ያኔ ገባው። ቁጥሩ ከዘለለ ጓንጉል የሚሻውን ይመርጣላ! ማር ይዞ ለመጣ አሥራ አንድ ሲል ያነባል፤ ባዶ እጇን ለመጣች አሥራ አምስት እስኪል ይጠብቃል። አይ ቆሻሻ!

«ማነው የቆረጠው?»

ጓንጉል ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ምኑን? ይኸው፣ እንከን የለውም ብለህ ፈርመሃል» አለው። ወደ አልጣሽም ዞሮ፣ «አሥራ አምስት ነው፣ ሴትዮ» አላት።

በገዛ ፊርማው ልትታሰር! ዘይኑዲን ሄዶ የሞተሩን ማብሪያ ወደ ታች ጎተተው። ግቢው ጭጭ አለ። ቁጥሩ ወርዶ አሥራ አንድ ላይ ቆመ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አየው።

«በል አንብበው!»

ጓንጉል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ያድርግ? አነበበ። አልጣሽ ቡናዋን አስረከበች። ዘይኑዲን ግን «ምርት አደናቅፏል» ተብሎ በዚያው ዕለት ታሰረ።

የቀበሌው እስር ቤት ከመረከቢያው ጋር አጥር ይጋራል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ በእሱ ፊርማ ሥር እንደገና እንደሚዘል ያውቃል። አንድ ቀን አልጣሽ ቆጮ ቋጥራ ልትጠይቀው መጣች።

«ወንድሜ፣ ሌላ ምን ላምጣልህ?»

«ምንም አታምጪ፣ እህቴ። ቡና ልታስረክቢ ስትገቢ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊርማዬን ቅደጂልኝ።»