አልበላሽ ያለችው ባቡር

ኤርሳዶ ከዱራሜ ጂንካ የገባው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ንብረቱ አንዲት ካቻቢቴ ነበረች። ሣር ከለበሰው የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ፊት ለፊት ቴፕና ሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ። እጁ የተባረከ ከመሆኑ የተነሣ፣ ከቀይ አፈር እስከ ካንጋተን ዝም ያለ ሬዲዮ ሁሉ እሱ ደጃፍ ሲደርስ ገና ሳይከፈት በድንጋጤ ይዘምር ነበር።

በ1993 የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ተዋበች አንድ ነገር በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ስትፈታው በሐዲድ ላይ የምትሄድ የመጫወቻ ባቡር ሆነች፤ አገራቸው የገቡ ፈረንጆች መዋዕለ ሕፃናቱን ለከፈተው ቤተ ክርስቲያን ትተዋት የሄዱት፣ ከሁለቱም በዕድሜ የምትበልጥ።

«ከቆመች ወዲህ ልጆቹ ፊደል አንቆጥርም ብለዋል» አለችው።

ኤርሳዶ ትክ ብሎ አየ። ባቡሯን አይደለም።

ሲከፍታት የሞተሯ ጥርሶች ነሐስ፣ ሽቦዋ እንደ ሹሩባ የተጠቀለለ። ያለቀችው ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የምታቀብለው ትንሿ ካርቦን ብቻ ናት። ከሞተ ባትሪ ድንጋይ ጥቁሩን ዘንግ አውጥቶ፣ ሞርዶ ልክ አስገባላት። ከመኪና ባትሪ ጋር ሲያያይዛት ከመብረሯ የተነሣ፣ ማረፊያው ላይ የሚግጡት ላሞች አውሮፕላን መጣ ብለው ሸሹ።

«ቲቸር፣ ስትበላሽ ብቅ ይበሉ» አላት።

ጉዱ ይኸው ነው፤ አልተበላሸችም። የፕላስቲክ ጥርስ ያለው አዲስ ቴፕ ከካርቶኑ ሳይወጣ አረጀ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሁለቴ ተቃጠለ፤ እሷ ግን ትዞራለች። ኤርሳዶ በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ፣ «ባቡሯ እንዴት ናት?» ይላታል።

«ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ናት!»

«ጌታ ይመስገን» ይላል፣ ለቅሶ ቤት እንደዋለ ሰው።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ቶላ ተናደደ። «አንተ ሰው! ሌላው ጠጋኝ ዛሬ የሠራው ዕቃ ነገ ተበላሽቶ ይመለስለታል። አንተ ለዘላለም ትሠራለህ! ሂድና እወድሻለሁ በላት።»

«እምቢ ካለችኝስ? የእሑዷንም ሰላምታ ላጣት ነው?»

በሦስተኛው ዓመት ተዋበች ባቡሯን ይዛ ገባች። «ቆመች» አለች።

ኤርሳዶ ደስታውን በሳል ሸፍኖ ከፈታት። ካርቦኗ ደኅና፣ ጥርሶቿ ደኅና። ሞተሯ ግን እንደ ሙሽራ ራስ በለጋ ቅቤ ተጠቅጥቃለች።

«ቲቸር፣ ይህ ቅቤ ነው እኮ።»

«ስትጮህብኝ ቀባኋት» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ይቺ ሞተር ጮኻ አታውቅም።»

«ታዲያ እኔ ልጩህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ባቡር ባቡር ስትለኝ! እኔ ሰው አይደለሁም?»

ኤርሳዶ ካቻቢቴውን አስቀምጦ በርጩማ ሳበላት። «ተዋበች… ቁጭ በይ» አላት። «እርስዎ»ን ትቶ «አንቺ» ያላት ያን ዕለት ነው።

በሥራው ፈጣን የነበረው ሰው ያንን ቅቤ ለማጽዳት አንድ ወር ፈጀበት። ተዋበች በየቀኑ እየመጣች፣ «አልደረሰችም?» ትላለች። «ኧረ ገና ናት!» ይላታል። ቶላ ግን ባቡሯ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ስትሮጥ በመስኮት አይቷታል፤ እስከ ሠርጋቸው ድረስ ትንፍሽ አላለም።