የነጩ ድብ ጉበት

«አለፈ እኮ ጋሼ፣ ሞተ በቃ!» ትለኛለህ ተመስገን፣ ማስክህን አገጭህ ሥር አውርደህ። ሎክዳውኑ ላላ፣ የጀፕ መንገድ ሱቆቻችን ተከፈቱ፣ ስለዚህ በሽታው ሞተ? እስቲ ቁጭ በል። እናንተም ካርቶኑን ተዉትና ስሙኝ። የሞተ ነገር ምን እንደሚያደርግ እኔን ጠይቁኝ።

ሱቅ ሳልከፍት በፊት እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ለአዳኞች ዱካ እፈልግ ነበር። አለቃዬ፣ «ቦሴ» የምለው፣ የጆበርግ ሀብታም ነው። አያቱ ወደ ሰሜን ዋልታ ከተጓዙት የመጀመሪያዎቹ አሳሾች ጋር ሄዶ ነበርና፣ እሱም እንደነሱ በሸራ ድንኳን፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ነጭ ድብ ካላደንኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። «ያለ አንተ ዓይን አልሄድም» ብሎ እኔን የቆላውን ሰው ሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ ጣለኝ። ወቅቱ ጸደይ ነው አሉኝ። ወይ ጸደይ! ትንፋሼ ጢሜ ላይ እየረጋ ነው እኮ!

መሪያችን ጆናሲ የሚባል የአገሬው ሽማግሌ አዳኝ ነበር። ገና ጠመንጃችንን እንዳየ «ዘይቱን ጥረጉት» አለን። እኔ የያዝኩትን ጠረግኩ። ቦሴ ግን ጠመንጃ ያለ ዘይት አይሆንም ብሎ ሳቀበት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዱካ አገኘሁ። በረዶ ላይ አሮጌ ዱካ ጉብ ብሎ ይቆማል፤ ነፋሱ ዙሪያውን ያለውን ልል በረዶ ጠርጎ ስለሚወስደው። ይሄኛው ግን ጎድጎድ ያለ ነው፣ ጠርዙም አልፈረሰም። ሁለቱም መዳፎቼ ገቡበት። ተከተልነው። ዱካው ዞረ ዞረና የራሳችን ጋሪ ባለፈበት መስመር ላይ ወጣ። ክው አልኩ። ለካ እኛ እሱን ስንከተል እሱ ከኋላ እየተከተለን ነው!

ዞር ስል፣ የበረዶ ክምር ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ተነሥቶ ይመጣል። ውሾቹ አበዱ። ቦሴ ቃታ ሳበ፤ ቀጭ! ዘይቱ ረግቶ ጠመንጃው አልተኩስ አለ። ደግሞ ሳበ፤ ቀጭ! የእኔው ጠመንጃ ጋሪው ላይ ታስሯል። የድቡ ትንፋሽ፣ ያ የዓሣ ሽታ፣ ፊቴ ላይ መጣ። «ኢየሱስ!» ብቻ ነው ያልኩት። ጆናሲ አጠገቤ ተንበርክኮ ተኮሰ፤ ድቡ እግሬ ሥር ተዘረረ።

መትረፌን ሳውቅ ደስታው አሰከረኝ። እኛ ቆላ፣ ዱካውን ያገኘ ሰው ጉበቱን ትኩሱን ይቀምሳል፤ ድርሻው ነው። ጆናሲ ውሾቹን እስኪያስር ድቡን ከፈትኩና ከጉበቱ ቆርጬ ጎረስኩ፣ ዋጥኩ። ሽማግሌው እየጮኸ ሮጦ መጣ። የቀረውን ከእጄ መንጭቆ በበረዶው ስንጥቅ ከሥር ወዳለው ባሕር ወረወረው፣ ውሾቹ እንኳ እንዳይቀምሱት። እኔ ደግሞ ድርሻዬን የቀማኝ መስሎኝ ቢላዬን እንደያዝኩ አፈጠጥኩበት! «ሞቶም ይገድላል» አለኝ በኮልታፋ እንግሊዝኛው።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ራሴ ለሁለት የሚሰነጠቅ መሰለኝ። ትውከቱ አላቆም አለ። ከዚያ ፊቴ ተላጠ። ካልሲዬን ሳወልቅ የውስጥ እግሬ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ አብሮ ወጣ። እንደ ዙሉዎቹ «ሃይቦ!» ብለህ ተገረም፣ ልክ ነህ! እኔም ዓይኔን አላመንኩም።

ከዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ቦሴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ፣ «አያቴ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ከአሳሾቹ ውስጥ ይህን ጉበት በልተው እንዲህ የተላጡ ነበሩ። ተረት መስሎኝ ነው ያልነገርኩህ።» እንዴ! ሰውዬው ያውቅ ነበር! ስጎርስ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ ነበር!

ጆናሲ በውሾቹ ጋሪ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝና ተረፍኩ። ጉበት ዛሬም አላስጠጋም። የቦሴ ዝምታ ግን እስከ አሁን ይከነክነኛል። ስለዚህ ነዝናዛ በሉኝ፣ ግድ የለኝም፤ እኔ አውቄ ዝም አልልም።

በል ተመስገን፣ ማስክህን አፍንጫህ ላይ አድርግ። ቀኑን ሙሉ አሌክሳንድራ ሰፈር ከሰው ጋር ስትጋፋ ውለህ አራስ ሚስትህ ያለችበት ቤት ነው የምትገባው።