ዳንቴል የለበሰው ሞኒተር

ያን ሞኒተር የገደለው የእኔ ዳንቴል ነው ወይስ የመርሳ ከተማ የሚዋዥቅ መብራት? ይኸው ጸጉሬ ሸበተ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ዳንቴሉ ሰሞኑን የልብስ ሳጥኔን ሳናፍስ ከሥር ወጣ። ነጭ ክሩ ወይቧል። በአንድ ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቡናማ መስመሮች አሉ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የጋለ አቧራ ሸተተኝ፣ ወይም የሸተተኝ መሰለኝ። በዚህ ነገር አፍንጫዬን አላምነውም።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ በሚመጡበት ዕድሜ ነበር። የመጀመሪያው ቀን፣ ግራና ከምትባል ቀበሌ ከመጣች አንዲት ልጅ አጠገብ ስቀመጥ፣ «እትዬ፣ የወላጆች ስብሰባ እኮ ቅዳሜ ነው» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደብተሬን ገለጥኩ።

የኮምፒውተር ክፍላችን ከማንጎዎቹ ጀርባ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል፤ በመስኮቱ የበሰለ ማንጎ ሽታ ይገባል። ያኔ ሞኒተር እንደዛሬው በብብት የሚያዝ ሰሌዳ አልነበረም። ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው፣ ለሁለት የሚሸከሙት፣ ሲበራ «ድም» ብሎ የክንድን ጸጉር የሚያቆም ፍጡር ነበር። ዘጠኝ ነበሩን። የስምንቱ ፊት እንደ እንቁላል ያበጠ ነው፤ የዘጠነኛው ቀጥ ያለ። ዘጠነኛው ላይ ግን ማንም አይቀመጥም፤ ከላይና ከታች እንደ ጸጉር የቀጠኑ ሁለት አግድም መስመሮች ነበሩበትና ተሰንጥቋል ተባለ።

አስተማሪያችን የክፍሉን ቁልፍ ቀበቶአቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው የማይጨምር ሰው ነበሩ። «ተበላሸ» የሚል ተማሪ አይወዱም። «ተበላሸ ምልክት አይደለም። ቢጫ ሆነ? ተንቀጠቀጠ? ጠበበ? ምልክቱን ንገሩኝ፤ ምክንያቱን ኋላ እንፈልገዋለን» ይሉ ነበር። ትልቅ ሰው ነሽ ብለው ክፍሉን እንድጠርግ ቁልፉን ይሰጡኝ ጀመር። ስጠርግ ከካርቶን ውስጥ የሞኒተሩን መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛው ከእኔ በላይ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

«ቲቸር፣ ስንጥቅ አይደለም» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማን አለሽ?»

«መጽሐፉ። ያበጡት ፊታቸው ከሦስት ቀለም ነጠብጣብ ነው የተሠራው። ይሄኛው ከቆሙ ቀጫጭን ሽቦዎች ጀርባ ነው ብርሃኑ የሚመጣ። ሽቦዎቹ እንዳይርገበገቡ ሁለት ክር በአግድም ይዟቸዋል። የምናየው የክሮቹን ጥላ ነው።»

ማጉያ መነጽር አመጡ። መጀመሪያ ያበጠውን አዩ፤ ነጠብጣብ። ቀጥሎ ቀጥ ያለውን፤ መስመር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረው፣ «ወላሂ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጤነኛውን በሽተኛ ስለው ኖሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የእነዚህ የዓይን ሐኪም እሷ ናት» አሉ።

ሐኪምነቴን በዋዛ አልያዝኩትም። የአንዱ ሥዕል ቢጫ ቢሆን ሰማያዊው ጠፍቷል ማለት ነው ብዬ ገመዱን ነቀልኩ፤ ከጫፉ ጥርሶች አንዷ ተጣማ ነበር፤ በኪሮሼ ጫፍ አቃናኋት። የሌላው ማዕዘን ወይን ጠጅ ቢመስል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ማግኔት ያለበትን ስፒከር አራቅኩና ከሞኒተሩ ትእዛዞች ማግኔት የተሳለበትን ነካሁ፤ ሥዕሉ እንደ ውሃ ተናውጦ ጠራ። ዓይን የሚያቃጥለውን ደግሞ ሥዕሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ቁጥር ከፍ ሳደርግለት ረጋ። ያቺ የግራና ልጅ ራሷ፣ «እትዬ ሐኪም፣ የእኔ በሽተኛ ዛሬም አሞታል» እያለች ትጠራኝ ጀመር። ሳቁ ያው ነበር፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ።

ዘጠነኛውን ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት። እኛ አገር የከበረ ነገር ራቁቱን አይቀመጥም፤ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም፣ ፍሪጅም ዳንቴል ይለብሳል። ሁለት ወር ሙሉ፣ የሆዱን ዙሪያ በክር እየለካሁ፣ ለዚያ ሞኒተር ሠራሁለት። ሲበራ አወልቅለታለሁ፣ ሲጠፋ አለብሰዋለሁ።

ክፍላችንን ሊጎበኙ እንግዶች ከወልድያ የመጡበት ቀን ግን አላወለቅኩትም። የፊቱን ብቻ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ወደ ላይ ገልቤ የኋላውን ተውኩት። «የአየር ማስወጫውን አትሸፍኑ» የሚለውን ገጽ አላነበብኩም እንዳልል፣ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲታይልኝ ፈለግኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠዋት መብራቱ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጥቶ ነበር። እንግዶቹ ዳንቴሉን በእጃቸው እየነኩ፣ «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አስተማሪዬ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እንግዶቹ ከወጡ ትንሽ ቆይቶ የዘጠነኛው ሥዕል ከዳርና ዳር ጠበበ። አንዲት ነጭ መስመር ሆነ። ከዚያ ነጥብ። ከዚያ ምንም፤ የጋለ አቧራ ሽታ ብቻ። አስተማሪዬ እንግዶቹን ሊሸኙ ግቢው በር ላይ ነበሩ። እስኪመለሱ ዳንቴሉን ገፍፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ርእሰ መምህሩ መጥቶ ሲጠይቅ አስተማሪዬ ሌላ ሰው አልፈለጉም። «መብራቱ ሲዋዥቅ ማጥፋት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ቁልፉን ከቀበቶአቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ዝም አልኩ፤ ስሜን፣ ያን በሦስት ሳምንት መዝገበ ቃላት ያገኘሁትን ስም፣ ላለማጣት።

ዛሬ ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች «ተበላሸ» ብለው ሲመጡ ምልክቱን ሳይናገሩ አላናግራቸውም። የማን ቃል እንደሆነ ነግሬአቸው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ዳንቴሉን ይዤ በሚኒባስ ውርጌሳ ወደሚገኘው የአስተማሪዬ ቤት ወረድኩ። አስተማሪዬ ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መነጽራቸው ወፍሯል። ዳንቴሉን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩና፣ «ቲቸር፣ ያን ቀን ሲሞት ይሄ ከኋላው ነበር፤ እርስዎ ሳይመለሱ ደበቅኩት። ቁልፉ የተወሰደብዎ በእኔ ነው» አልኩ።

መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እንደ ጥንቱ፣ «ምልክቱን ንገሪኝ» አሉ።

በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ መጥበቡን፣ መስመሩን፣ ነጥቡን፣ ሽታውን። ቡናማዎቹን መስመሮች በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ይሄ በአየር ማስወጫው የወጣ ጭስ ነው። ጭሱ የወጣው ከሞተ በኋላ ቢሆንስ? ምንም አይመሰክርም።»

«እኔም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የምቆመው።»

«ከሙቀትም ይሆናል፣ ከመብራትም ይሆናል። አላህ ይወቀው። አንድ ጥፋት ግን አለብሽ።»

«አንድ ብቻ ነው፣ ቲቸር?»

«አንድ ነው። ምልክት ደብቀሽኛል።»

በአስፋልቱ አንድ የጭነት መኪና ወደ ደሴ አለፈ። አስተማሪዬ ዳንቴሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የእጅ ሥራውን አዩ።

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ሁለት ወር።»

«ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ዞረው፣ ያን የማይጨምር ድምፃቸውን ጨምረው፣ «ልጆች፣ ኑ ውጡ! ያቺ ሁልጊዜ የምነግራችሁ የዓይን ሐኪም መጣች» ብለው ተጣሩ።

ስነሳ ዳንቴሉ ጉልበታቸው ላይ ነበር። መልሱልኝ አላልኩም።