የአባዬ እጅ በፎር ኬ

ከዶርዜ የወረድኩ ለት አባዬ ተነስቶ አልሸኘኝም። እግሩን የሸማው ጉድጓድ ውስጥ እንዳስገባ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ይመሽባችኋል» አለኝ። ወንድሜ በረከት ሻንጣዬን ተሸክሞ፣ እኔ እያለቀስኩ ቁልቁል ስንወርድ፣ የሥራው ድምፅ ከኋላ ይከተለን ነበር፤ ጣቅ፣ ጣቅ፣ ጣቅ። ጨክኖ እንዳይመስላችሁ። ቢያቆም ያለቅስ ነበር፣ አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ሰው መጥቶ «አባታችሁ አለ?» ሲል ገብተን አንፈልግም፤ ጆሯችንን ጣል አድርገን ነው የምንመልሰው። ጣቅ ካለ፣ አለ።

ያን ምሽት ከተራራው ሥር፣ ሲቀላ ከተማ፣ አክስቴ ቤት አደርኩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጀርመን። የመጣሁት አረጋውያን መንከባከብ እየተማርኩ ልሠራ ነው። ሽማግሌ መጦር በትምህርት ቤት ይሰጣል ብዬ ለአባዬ ስነግረው «ቤታቸው የሚጦሩት ወላጅ የላቸውም እንዴ?» ብሎ አዘነላቸው።

ማዘጋጃ ቤት የመዘገበኝ ሰውዬ ደግሞ ጉድ ነው። «የቤተሰብ ስም?» አለኝ።

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንጁሎ የአባቴ ስም ነው፤ እኔ ብርሃኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንጁሎ ነዎት።»

«ኧረ አንጁሎ አባቴ ነው!»

«እሱም አንጁሎ፣ እርስዎም አንጁሎ» ብሎ ማህተሙን መታው። እነሱ ደግሞ «ጁ»ን «ዩ» ነው የሚሉት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ፍራው አንዩሎ ነኝ። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። እንግዲህ ሳቁብኝ፣ ቀኑን ሙሉ በአባቴ ስም ስጠራ እውላለሁ።

ምግቡን አልነግራችሁም። ሙዙ ያምራል፣ ጣዕም የለውም። ሲቀላ አክስቴ ጓሮ በቅሎ ፍየል የሚበላው ሽፈራው እዚህ በእንክብል ሆኖ ፋርማሲ ውስጥ ተኮፍሷል። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ብቻ ጎረቤት ዘው ብሎ አይገባም፣ ሰላምታውም ባንድ ቃል ያልቃል። እኛ ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጠይቀን ሳንጨርስ እነሱ ባቡር ተሳፍረው ሄደዋል።

በረከት ሲቀላ ላይ ሰርግ እየቀረጸ ነው የሚኖረው። በቅርቡ አዲስ ካሜራ ገዛና ዶርዜ ወጥቶ አባዬን ሥራ ላይ ቀረጸልኝ። «ፎር ኬ ነው እትዬ፣ የመጨረሻው ጥራት! የአባዬን ፂም አንድ በአንድ ትቆጥሪዋለሽ» አለኝ። ቪዲዮው በኢንተርኔት ለመላክ ስለከበደው፣ በፍላሽ አድርጎ ወደዚህ ለምትመጣ የአገራችን ልጅ ሰጣት፤ ፍላሹ ከሚያቃጥለው ዳጣችን ጋር በአንድ ፌስታል ታስሮ ነው የደረሰኝ። እስካሁን ዳጣ ዳጣ ይሸታል።

የነሱ በዓል ነበር፣ ሥራ የለም። ጋቢዬን ለብሼ፣ አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኩት። ወይኔ! አባዬ መወርወሪያውን ሊልክ እጁን አነሳና እጁ አየር ላይ ቀረ። ቆመ። ከዚያ ዘሎ ሌላ ቦታ ተገኘ። እንደገና ቆመ። አፉ ይከፈታል፣ ቃሉ አይወጣም፤ ሲወጣም ተቆራርጦ ነው። «እጄ… … አልታዘዝ… አለኝ…» ሲል ሰማሁት።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ምን ሆነና! ስትሮክ የመታው ሰው ፊቱ፣ ክንዱ፣ ንግግሩ እንዴት እንደሚሆን እያየሁ ነው የምውለው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት፤ የመወርወሪያው ጣቅታ ቤቱን አናወጠው። እየደጋገምኩ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥር ባሰበት።

በረከት ጋ ደወልኩ። «አባዬ ምን ሆኗል?»

«ምን ይሆናል? ደህና ነው።»

በቃ፣ አለቀልኝ! ውጭ ላለ ሰው «ደህና ነው» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? አጎቴ ተቀብሮ ወራት እስኪያልፍ ለእኔ ደህና ነበር። «እትዬ ሙች ደህና ነው» አለ ደግሞ። «አሁኑኑ ዶርዜ ውጣ፣ አጠገቡ ሆነህ ደውል!» ብዬ ጮህኩበትና ዘጋሁት።

ወዲያው በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ኸር ሽሚት ናቸው፣ ከሥሬ የሚኖሩ ጡረተኛ፤ ኸር ማለት አቶ ነው።

«ፍራው አንዩሎ፣ ዛሬ በዓል ነው። በበዓል መዶሻ ክልክል ነው።»

«መዶሻ አይደለም፣ አባቴ ነው!»

«አባትዎ እዚህ ነው የሚኖሩት? ኪራዩ እኮ ለአንድ ሰው ነው።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ስትሮክ መትቶታል!» ብዬ ፊታቸው ላይ ተንሰቀሰቅኩ። ሰውዬው ደነገጡ፤ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ሰው እንደሌለ በዓይናቸው ካጣሩ በኋላ ገቡና መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ከኋላ ያለችው ዶሮስ?» አሉኝ።

«የቷ ዶሮ?»

ለካ ከአባዬ ጀርባ ዶሮ አለች! እኔ ከእጁ ሌላ ምን አይቼ! ዶሮዋም አንድ እግሯን አንስታ ትቆማለች፣ ከዚያ ዘላ በሩ ጋ ትገኛለች።

«እሷንም ስትሮክ መቷታል?» አሉ። «የታመመው ኮምፒውተርዎ ነው። የእኔም ኳስ ሳይ እንዲህ ያደርግ ነበር።»

ልቤ ግማሽ ተመለሰ። ግማሽ ነው ያልኩት፤ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ያለውን ዶሮ አላለችውም። ሙሉውን መስማት አለብኝ።

ቁጭ ብለን ሠራነው። መጀመሪያ ቪዲዮውን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥነው፤ ፍላሹ እየተንቀራፈፈ ነው የሚሰጠው። የተከፈተውን ገጽ ሁሉ ዘጋን። ድምፁ ትንሽ ተሻለው፣ ምስሉ ግን ያው ነው። ኸር ሽሚት የቪዲዮ ማጫወቻውን ማስተካከያ ሲከፍቱ ነገሩ ተገኘ። ለካ ኮምፒውተሩ ለምስል ብቻ የተሠራ ግራፊክ ካርድ የሚባል ነገር አለው፤ እሱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል ብቻውን ሁሉን ተሸክሟል። ይሄማ ለእኔ ይገባኛል! እማዬ ጥጡን ባትፈትልለት፣ አባዬ ራሱ እየፈተለ ራሱ ቢሸምን፣ መወርወሪያው በየመሀሉ መቆሙ አይቀርም ነበር። ሥራውን ለካርዱ እንዲሰጥ አዘዝነው፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ ካርዱን የሚያሠራውን ያረጀ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርደን አደስን፣ አጥፍተን አበራን።

በስመ አብ ብዬ ተጫንኩት።

ጣቅ፣ ጣቅ፣ ጣቅ። መወርወሪያው ከቀኝ ወጣ፣ በግራ ተቀለበ። ዶሮዋ ጥሬዋን እየለቀመች አለፈች። አባዬ ቀና ብሎ ካሜራውን አየና እንዲህ አለ፦ «እጄ እኮ ነው ያስቸገረኝ። ልጆቹ አርጅተሃል፣ ረፍ ይሉኛል፤ ረፍ ስለው አልታዘዝ አለኝ።» አለና ሳቀ። ፂሙም አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ በረከት አልዋሸም።

ተመስገን! እልል አልኩ፣ በበዓላቸው። ኸር ሽሚት ጆሯቸውን ይዘው ወረዱ።

ከሰዓት በረከት ዶርዜ ደርሶ ደወለ። «እትዬ፣ ይኸው አጠገቡ ነኝ፣ ደህና…»

«ደህና የምትለዋን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማ! ከእንግዲህ ስልኩን እሱ ጋ አስቀምጥና ዝም በል።»

አስቀመጠው። እኔም ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ለቀቅኩት። ጣቅ፣ ጣቅ። ቤቱ ሞላ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በሩ፣ ጭጋጉ፣ እንሰቱ አጠገቤ ያለ መሰለኝና ብከፍት እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ።

«አባዬ፣ መቼ እመጣ ይሆን?»

ጣቅ! መወርወሪያውን ላከ።

ከሥር ዱም! ዱም! ዱም! ኸር ሽሚት ናቸው፣ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ይመታሉ። ውለታው ሌላ፣ ሕጉ ሌላ።

አባዬ ሥራውን አቆመ። «እዚያም ሸማኔ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለ፣ አባዬ» አልኩት እያለቀስኩ እየሳቅኩ፤ «ግን በበዓል ብቻ ነው የሚሠራው።»

«በበዓል?» አለ ደንግጦ። «ኧረ ይተው በይው፣ ልጄ። እጁን ያመዋል።»