ወንበር ላይ የሰገድኩት

ጉልበቴን የጨረሰችው ኮምቦልቻ ናት እያልኩ አማርራለሁ እንጂ ኮምቦልቻ ምን አደረገችኝ። የጨረሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሲሚንቶ ወለል ነው። ክር የሚያጠነጥነው ማሽን ፊት ቆሜ ወጣትነቴን አሳለፍኩ፤ ቆሜ አገባሁ፣ ቆሜ አረገዝኩ፣ ባሌ ሲሞትም ሐዘኔን ጨርሼ ተመልሼ እዚያው ቆምኩ። ግራ ጉልበቴ አብጦ አልታጠፍ ሲለኝ ሥራውን ተውኩና አንድ ልጄን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ከእናቴ የቀረችኝ ሁለት ክፍል ቤት አለችኝ። ሰው ሲያመው ከብርድ ወደ ሙቀት ይወርዳል፣ እኔ ከሙቀት ወደ ብርድ ወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ቤቴ ያለው እዚህ ነው።

ወጌሻ አሸኝ፣ የተባለውን ቅባት ሁሉ ተቀባሁ። ጎረቤቶቼ "አትንቀሳቀሺ፣ አሳርፊው" አሉኝና አሳረፍኩት። ባሳረፍኩት ቁጥር ባሰበት። በመጨረሻ እጄን ይዛ ፒያሳ ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ የወሰደችኝ ልጄ ናት። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበት የሚያክሙ ሰዎችን ደረጃ አናት ላይ ያስቀመጠ ሰው ምን ነካው እያልኩ፣ እያማረርኩ ወጣሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ሰምታኝ ኖሮ ሳቀች። "እማማ፣ ደረጃውም ከሕክምናው ነው። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም" አለችኝ። ልጄ እንደ ትምህርት ቤት ትምህርት ያዘችው።

ሕክምናው መድኃኒት የለውም፣ ሥራ ነው። ሐኪሟ ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር ታደርግና "ወደ ታች ይጫኑት፣ ይቆዩበት" ትለኛለች። ጉልበት የሚድነው ዙሪያውን ያለው ሥጋ ሲጠነክር ነው አለችኝ። ቤት ስገባም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ክብደት አስሬ፣ ቁጭ ብዬ እግሬን ቀጥ እያደረግኩ እንዳነሳ አዘዘችኝ። ክብደት ከየት ይመጣል? ልጄ የሩጫ ካልሲዋን አሸዋ ሞልታ አፉን ሰፋችውና አመጣችልኝ።

ልጄ ሯጭ ናት። ይህን የምለው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ከኔ ወገን ነገር መጥቶበት ካልሆነ የሮጠ ሰው የለም። ንጋት ላይ ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ አስራ ወደ ጦሳ ዳገት ትወጣለች። ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር እፊቴ ትንበረከክና ካልሲውን እግሬ ላይ ታስራለች። "አንሺ። ያዢው። ቀስ ብለሽ አውርጂ።" የስፖርት መምህሯ እሷን የሚላትን ነው እኔን የምትለኝ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ እኔ እንዳንቺ ለሜዳሊያ አይደለም" እላታለሁ።

"ለሜዳሊያ ነው እንጂ" ትለኛለች፣ ሳትስቅ።

መስገድ ያቃተኝ ጊዜም ወንበር ያመጣችልኝ እሷ ናት። የታመመ ሰው ተቀምጦ ቢሰግድ ዲኑ ይፈቅዳል፣ አላህ አዛኝ ነው። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ነው። መስገጃዬ ላይ አስቀምጬው፣ ሱጁድ ሲደርስ አንገቴን ጎንበስ አደርጋለሁ እንጂ መሬት አልደርስም። መጀመሪያ ላይ አለቀስኩ፤ ግንባሬ መሬት ሳይነካ መስገድ ሰላም ሳይሉ ሰው ቤት እንደ መግባት ሆነብኝ። እያደር ለመድኩት።

ልጄ በዞኑ የተማሪዎች ውድድር አምስት ሺህ ሜትር ሮጣ አንደኛ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ አንድ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ተቀበላት። እዚያው እያደረች፣ እዚያው እየተማረች የምትሠለጥንበት ቦታ ነው፤ ከደሴ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ያስኬዳል። የስፖርት መምህሯ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ልጄ ሻይ እየቀዳች "እማ ሳትድን አልሄድም" አለች።

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እርስዎ ሂጂ ቢሏት እሺ ትላለች።"

"እኔ መች ከለከልኳት" አልኩ።

እውነቴን ነው፣ አልከለከልኳትም። ሂጂም አላልኳትም። መምህሩ ቦታው የሚጠብቃት እስከ ክረምት መግቢያ ብቻ እንደሆነ ነገረንና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህ ወዲያ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ፈተና ስለነበረባት ክሊኒኩ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ ጉልበቴን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ቁጭ ብድግ አስባለችኝ። "እማማ፣ ድነዋል" አለችኝ። "እንቅስቃሴውን ቤትዎ ይቀጥሉ እንጂ እዚህ መመላለስ አያስፈልግዎትም። መሬት ላይም መስገድ ይችላሉ።" መረቅኳት። ደረጃውን እንደ ማንም ጤነኛ እግሬን እያፈራረቅኩ ወረድኩ። እስከ ሰኞ ገበያ በእግሬ ሄጄ በዚያ ግፊያ መሐል ሽንኩርት ገዛሁ፤ ጉልበት እንዳለኝ እንኳ ረሳሁት። ሰፈሬ ስደርስ ልጄ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አየኋት። እግሬ በራሱ ጊዜ ማነከስ ጀመረ። ወላሂ፣ አስቤው አይደለም።

"ምን አለችሽ?" አለችኝ፣ ሽንኩርቱን እየተቀበለች።

"ገና ነው አለች።"

ከዚያ በኋላ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ። የክሊኒኩ ቀን ሲደርስ አንቺ አጥኚ ብዬ ብቻዬን እወጣና ፒያሳ ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ። ንጋት ላይ ካልሲውን ልታስርልኝ ስትንበረከክ አናቷን እያየሁ፣ አሁን ልናገር እልና አፌን እከፍታለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን "ኧረ ዛሬስ ጠዘጠዘኝ" ነው። የፈራሁትን አውቀዋለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ውዬ ስገባ "መጣሽ?" የሚለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ይቺ ልጅ ስትሄድ ያ ቤት ምን ሊሆን ነው? ለዚች አንዲት ቃል ስል የልጄን እግር በገመድ አስሬ ያዝኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባይ፣ እኔ ነኝ አደባባይ አውጥቼ የምሰድበው።

ከሁሉ የሚብሰው ሶላቱ ነው። እሷ ቤት ካለች ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እሰግዳለሁ። ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንበሩን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ መሬት ላይ እሰግዳለሁ። ሱጁድ ወርጄ "ያ ረቢ፣ አውፍ በለኝ" እላለሁ፤ ለምሽቱ ለመግሪብ ሶላት ደግሞ እሷ ስለምትገባ ተመልሼ ወንበሬ ላይ። ሰውን መዋሸት አንድ ነገር ነው። እኔ ውዱእ አድርጌ፣ ወደ ቂብላ ዞሬ፣ በጌታዬ ፊት ተቀምጬ ነው የዋሸሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአስርን ሶላት መሬት ላይ ሰግጄ ወንበሩን ወደ ቦታው ስመልስ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት መስሎኝ ስከፍት ልጄ ናት።

"የገዛ ቤትሽን ታንኳኪያለሽ እንዴ?" አልኳት።

"እጄ ሞልቶ ነው" አለች። እጇ ላይ የነበረው የሩጫ ጫማዋ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከውጭው በር "እማ፣ መጣሁ" እያለች ነው የምትገባው። ልጄ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች፣ ሥርዓት ያዘች ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አይ እኔ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የተማሪ ስፖርተኞች የሚመሰገኑበት ቀን ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ከእንጨት መድረክ ተሠርቶ ነበር። የኛ አገር ሽልማት ያለ ምርቃት አይሆንም። ሜዳሊያውን ባለሥልጣን ያጠልቃል፤ ከዚያ የልጁ ወላጅ መድረክ ላይ ይወጣና ልጁን ይመርቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል።

የልጄ ስም ሲጠራ እየሮጠች ወጥታ ሜዳሊያዋን አጠለቀችና፣ እኔ ስጠራ ተመልሳ ወርዳ ክንዴን ደገፈችኝ። ሕዝቡ እያየ፣ ጤነኛውን እግር እያስቀደምኩ፣ የመድረኩን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣሁ። ማነከሱንም አልረሳሁም። ያኔ ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ "ይህች ልጅ ማሠልጠኛ ተቀብሏት ሳለ፣ የታመመች እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ዕድሏን ትታለች። እኛ ዛሬ የምንሸልመው እግሯን ብቻ አይደለም" አለ። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፊት የተቀመጡ ሴቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አንድ ሰው አዲስ ጋቢ አምጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ላሳደገች እናት ነው አለ። ጋቢው ከበደኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። መዳፎች ሁሉ ተዘረጉ። የማውቀው ምርቃት አንድ ነው፣ እናቴ እኔን የመረቀችኝ፤ "እንደ ጦርሽኝ የሚጦርሽ ይስጥሽ።" አፌ ላይ ደርሶ ተያዘ። ይህን ያህል መዳፍ ተዘርግቶ እየጠበቀ በውሸት እንዴት ዱዓ ይደረጋል? ዱዓውስ ማን ላይ ነው የሚመለስ? ልጄ አንገቷን ደፍታ ከፊቴ ቆማለች። ሜዳሊያው ደረቷ ላይ ነው።

"ሂጂ ልጄ" አልኳት። ድምፄ በሜዳው ሁሉ ተሰማ። "እኔ ድኛለሁ። ሂጂልኝ። በሄድሽበት ሁሉ አላህ ይቅደምልሽ።"

"አሚን" አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ። አሚን ከተባለ ወዲያ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም።

ልትደግፈኝ ስትመጣ እጇን ቀስ ብዬ አወረድኩትና ደረጃውን ብቻዬን፣ እግሬን እያፈራረቅኩ ወረድኩ። አጃኢብ ነው፤ ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማሻአላህ፣ ምርቃቱ ጉልበቷን ፈታላት" አለ። እስኪመሽ ድረስ ወሬው ቧንቧ ውሃን አዳረሰ። ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤቴ እንድዳብሳት ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። "ሂጂ ወደ ፒያሳ፣ ፎቁ ላይ ውጪ" ብዬ ሸኘኋት። ውሸታም መሆኔ ሳያንስ ወሊይ ልሆን ነበር።

ከሽልማቱ በባጃጅ ተመለስን። መግሪብ ሲባል ውዱእ አድርጌ ስገባ፣ ወንበሩን አንሥታ በረንዳ ላይ አውጥታዋለች። ሁለት መስገጃ ጎን ለጎን አንጥፋለች። አብረን ሰገድን። ግንባሬ መሬት ሲነካ እንባዬ መጣ፣ ከሱጁድ ለመነሣት ዘገየሁ፤ ጠበቀችኝ።

ሶላቱን በሰላምታ እንደ ጨረስን "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"በር ማንኳኳት ከጀመርኩ ጀምሮ። ገብቼ ሱጁድ ላይ ሆነሽ አየሁሽና ተመልሼ ወጣሁ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። እኔ ስደበቃት፣ እሷ መደበቂያ ጊዜ እየሰጠችኝ "መጣሁ" ትለኛለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

መስገጃዋን እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። "እንድቀርልሽ ፈልገሽ መሰለኛ። ከፈለግሽ ደግሞ እቀራለሁ።"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ እቀበል ነበር። አውፍ በይኝ አልኳት፤ "እማ፣ ተይ" ብላ አቀፈችኝ። በሳምንቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፣ ሳላነክስ።

ይኸው ክረምት ገባ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ሐኪሟ ያዘዘችውን እንቅስቃሴ የሚያዘኝ ስላጣሁ ሰነፍኩና ጉልበቴ ተመልሶ ያዘኝ። አሁን የእውነት ነው። መሬት ወርጄ ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው። ሐኪሟ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ፣ ለጊዜው ወንበር ላይ ይስገዱ አለችኝ። ወንበሩ በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ከረመ እንጂ አላስገባሁትም። ልጄ በየጁምዓው ትደውላለች፣ "ጉልበትሽስ?" ትላለች፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" እላታለሁ። ያመኛል ብላት ማን ያምነኛል።

ባለፈው ጁምዓ እያወራን ሳለ ለመነሣት ስል ሳላስበው አቃሰትኩ። ቀስ ብላ፣ "ወንበሩን አስገቢው እማ" አለችኝ። "አምንሻለሁ።"

አስገባሁት። ጠርጌው መስገጃዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። እስካሁን ግን ልቀመጥበት አልቻልኩም።