ተረኛ የሌለው ጨዋታ

እንቅልፍ ያጣ ሰው ፒንግ ፖንግ ሲጫወት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ብታዩኝ ኖሮ ትስቁ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ጊምቢቹ አስተማሪ ሳለሁ ባለቤቴን ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ሆሳዕና ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነግቷል። እሷን አስገቡና በሩን በእኔ ላይ ዘጉት።

በሩ ላይ ስንቆራጠጥ ያየኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኤርሳዶ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ እጄን ይዞ ጓሮ ወዳለው የሠራተኞች ፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ወሰደኝ።

«አንድ ጌም ካሸነፍከኝ አስገባሃለሁ» አለኝ።

በተማሪነታችን ሁሌም የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ትከሻዬ ቃሬዛውን ገና ያላወረደ ይመስል ክንዴ አልነሳ አለኝ። የምመታው ኳሷ ካለፈችኝ በኋላ ነው። ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ደግሞ ነጥቡም ይጠፋብኛል፣ ኳሷንም መረቡ ላይ እለጥፋታለሁ።

«በቃ ተሸነፍኩ፣ ራኬቱን ልልቀቅ» ስለው፣

«ለማን ትለቃለህ? የተሸነፈ የሚለቀው ለተረኛ ነው። ተረኛ የለም፤ በል ጀምር!» ይለኛል።

አንዴ ኤርሳዶ ኳስ ሊያመጣ ሲሄድ ጠረጴዛውን ደገፍ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይዋ ዞራለች፤ ራኬቱ አሁንም እጄ ውስጥ ነው። ከመረቡ ማዶ ኤርሳዶ ቆሟል። ራኬት አልያዘም፤ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

«እናቷ ደህና ናት» አለኝ ቀስ ብሎ። «በል ተነስና ራኬቱን ልቀቅ፤ ተረኛዋ መጥታለች።»