የማይጨበጨብለት ዳዊት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሳስተምር ይህን ጥያቄ ለተማሪ እየወረወርኩ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። መልሱን በጆሮዬ ያሰማችኝ ግን የጎረቤቴ ልጅ ኢሽቤል ናት። የእሷ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙዚቃ ነው።

ኢሽቤል ማክኦሌይ እንደ እኔው የስኮትላንዷ የሉዊስ ደሴት ልጅ ናት። አባቷ ቶርኪል የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ አውጪ ነበሩ። እኛ ዘንድ ኦርጋን የለም፤ ዳዊት ብቻ ይዜማል፣ ያውም ተቀምጦ። አውጪው ስንኙን ይጥላል፣ ሕዝቡ ያነሣዋል፤ እኩል ግን አያነሣውም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዷ ታዘግማለች፣ ሌላው ድምፁን እንደ ማዕበል ያንከባልላል። ቤት ሙሉ ሰው፣ እያንዳንዱ ከፈጣሪው ጋር ለብቻው። ዛሬም ስሰማው ጠጉሬ ይቆማል።

ኢሽቤል ያንን ድምፅ ወረቀት ላይ ልትይዝ ተነሣች። ግላስጎው ወርዳ ሙዚቃ ተማረች፤ ለሕፃናት ፒያኖ እያስተማረች ለትምህርት ቤት መዘምራን፣ ለማዕድን ቆፋሪዎች የጥሩምባ ባንድ፣ ስለ ባሕር ወፎች ለተሠራ ፊልም ሳይቀር ሙዚቃ ደረሰች። አብዛኛው አንዴ ተሰምቶ መሳቢያ ገባ። በዚህ ሙያ ልደትና ቀብር ባንድ ቀን ነው።

በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ድርሰት አዘዛት። የአባቷን ዜማ ልትለምን ደሴቱ ድረስ ወደ ቤታቸው መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ስንት ሰው ነው የሚጫወተው?» አሏት።

«ሰባ፣ አባባ።»

«ሁሉም እኩል ይጀምራል?»

«ኧረ አይጀምርም። እንደኛው በየራሱ ነው።»

«እሱስ ደግ! እኩል ከሆነማ ወታደር ቤት ነው።» ሳቁ። ወዲያው ፊታቸው ከበደ። «ግን ስሚኝ፣ አንቺ ልጅ። ዳዊት አይጨበጨብለትም። ለእግዜር የተባለውን ሰው ካጨበጨበለት ዋጋውን እዚሁ ተቀበለ ማለት ነው። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ አባባ።»

በልምምዱ የኦርኬስትራው መሪ፣ «ይሄ እኮ ተበታተነ!» ብሎ የመምሪያ ዘንጉን አስቀመጠ አሉ። እሷም «አልተበታተነም። ሁሉም በየእግሩ ወደ አንድ ቤት እየሄደ ነው» አለችው።

ድርሰቱ በሚቀርብበት ቅዳሜ ከሰዓት የኦርኬስትራው አዳራሽ ሞላ። ከቶርኪል ጎን ተቀመጥኩ። ለሁሉም በታደለው ወረቀት ላይ፣ «እባካችሁ፣ ሲያልቅ አታጨብጭቡ፤ ዝም ብላችሁ ውጡ» ብላ አሳትማለች።

አንድ ቼሎ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ፣ ስንኙን ጣለ። ሰባው አነሡት፤ አንዱ ቀደመ፣ አንዱ አዘገመ። ፍልስፍናዬ ሁሉ ከላዬ እንደ ካፖርት ወደቀ። የሞቱት ጎረቤቶቼ በየወንበራቸው ተቀምጠው የሚያዜሙ መሰለኝ። ድምፁ ሲከስም ሺህ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

ከዚያ አንድ ጭብጨባ ተሰማ፤ ከጎኔ። ዕድሜ ልካቸውን ለማገዶ የረግረግ አፈር ሲቆርጡ የኖሩት እጆች ነበሩ። የቶርኪልን ጉንጭ እንባ አርሶታል። አዳራሹ ተከትሏቸው ተናጋ።

ኢሽቤል ከመድረኩ ጥግ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ያዘች። «እባካችሁ!» ስትል ከንፈሯን አየሁት። የሰማት አልነበረም። እኔም አጨበጨብኩ።